በመዝገቡ ላይ እህትማማች

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ እህቷ ነሽ» አለች ፎርቱናታ፣ የሕፃኗን እግር ይዛ ካልሲ እያጠለቀች። ሚሉስካ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እያጠባች ነበር። ኢያሪ የአሥራ አንድ ወር ልጅ ናት፤ ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት ጥርስ አብቅላለች፤ አራቱንም ጠዋት ጠዋት እናቷ ላይ ትሞክራቸዋለች። ገና አሥራ አንድ ሰዓት ስለሆነ ውጭው ጨለማ ነው፤ ካፊያው የቆርቆሮውን ጣራ ሳያንኳኳ ዝም ብሎ ያርሰዋል፤ የኮምፖንሳቶው ግድግዳ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል። ፎርቱናታ ሰማያዊ የጽዳት ልብሷን ከለበሰች ቆይታለች። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዩኒቨርሲቲው ደርሳ የሁለተኛውን ፎቅ ኮሪደር መወልወል አለባት። ካልሲውን ግን አልተወችውም፤ አውልቃ እንደገና አጠለቀችው።

«ማነሽ ቢሉሽ ምን ትያለሽ?»

«እማ፣ በዚህ ሌሊት...»

«ማነሽ ቢሉሽ?»

«እህቷ ነኝ።»

«ስትይው መሬት መሬት አትዪ። ደሞ ማቆያው ውስጥ እንዳታጠቢያት። በር ላይ ሳትደርሱ አጥግበሽ ይዘሻት ግቢ። ስድስት ሰዓት ነው ያሉን፤ አምስት ተኩል ላይ እመጣለሁ።» የሕፃኗን ጫማ የሚሉስካ ጉልበት ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ኮቴዋ ለረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር፤ ከእነሱ ቤት እስከ አስፋልቱ ሁለት መቶ አሥራ አራት ደረጃ ነው።

ነገሩ ሲጀመር ውሸት አልነበረም። እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ሚሉስካም ከአባቷ አንድ፣ ከእናቷ አንድ፣ ሁለት የቤተሰብ ስም ይዛ ነው ያደገችው፦ ሚሉስካ ሁዋርካያ ኛውፓሪ። አባቷ አላውቃትም ብሎ የጠፋባት ልጅ ግን ከየትም ስም አታመጣምና የእናቷን ሁለቱንም ስሞች እንዳሉ ትወስዳለች፦ ኢያሪ ሁዋርካያ ኛውፓሪ። ለሕፃንም መታወቂያ ይወጣልና የሁለቱን ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት የተወለዱ እህትማማች ናቸው። ሰፈሩ ውስጥ እንዲህ ያሉ እህትማማቾች ሞልተዋል፤ ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ ማንም አይሳሳትም። ከሁለት ወር በፊት ፎርቱናታ ለልጅ ልጇ የዩኒቨርሲቲው ሕፃናት ማቆያ መግቢያ የሚሆን የድጋፍ ደብዳቤ ልትጠይቅ የሠራተኛ አስተዳደር ቢሮ ስትገባ ግን፣ ጠረጴዛው ጋ የነበረው ልጅ ሌላ ሰፈር ያደገ ነው። የሕፃኗን መታወቂያ አየ፤ የፎርቱናታን ፋይል ከፈተ፤ እዚያ ውስጥ ሚሉስካ ልጇ ተብላ ተመዝግባ አገኛት፤ ስሞቹን አስተያየና በሳቅ ፈረሰ። «ዶኛ ፎርቱናታ! በአርባ ስድስት ዓመትዎ! እናቴ ይህን ብትሰማ ትቀናለች።» ፎርቱናታ የዚያን ልጅ ጠረጴዛ ለስድስት ዓመት አጽድታለች፤ አንድ ቀን እንኳን በስሟ ጠርቷት አያውቅም። በስሟ ሲጠራት ደነገጠችና የጎደለ ጥርሷን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ሳቁ መልስ ሆኖ ተቆጠረ። ልጁም ኢያሪን የሠራተኛ ልጅ ብሎ በሕፃናት ማቆያው ማመልከቻ ላይ አሰፈራት።

ስም ዝርዝሩ ሲለጠፍ ሁለት ወረቀት ነበረ። በሠራተኞች ወረቀት አሥራ ሁለት ቦታ አለ፤ አሥራ ሁለተኛዋ ኢያሪ ናት። በተማሪዎች ወረቀት ስምንት ቦታ አለ፤ ሚሉስካ ራሷ ያመለከተችበት ሲሆን ከተጠባባቂዎች ሠላሳ አንደኛ ወጥታለች። የሠራተኛ ልጅ ይገባል፤ የተማሪ ልጅም ዕድል ከሰጣት ትገባለች፤ የሠራተኛ የልጅ ልጅ የሚባል ነገር ግን ደንቡ ላይ የለም። ሚሉስካ ያን ዕለት ሰሌዳው ፊት ቆማ ሁለቱን ወረቀቶች ሦስት ጊዜ አነበበቻቸው፤ ማታ እናቷን ስትጠይቃት ፎርቱናታ ሩዝ እየለቀመች ነበር፤ ቀና ሳትል «ገብታለች አይደል?» አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አልተነጋገሩም። በእነሱ ቤት ትልልቅ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው የሚያልፈው። ሚሉስካ ያረገዘች ጊዜም ፎርቱናታ አልጮኸችም፤ አራት ወር ሙሉ ግን ከ«ብዪ» እና ከ«በሩን ዝጊ» በቀር ቃል አልወጣትም። የሚሉስካ አባት ሁዋርካያ እንደሆነ ማዕድን ማውጫ ነው ያለው፤ በዓመት ሁለቴ ብቅ ይላል፤ ገንዘብ የሚልክበት ወር ከማይልክበት ያንሳል፤ የሚለው ነገርም የለውም።

እስከ ባለፈው ወር ድረስ ኢያሪ ታች ሰፈር ዶኛ ፒላር ቤት ትውል ነበር። ዶኛ ፒላር በአንድ ክፍል ስምንት ሕፃን ይዛ በቀን አሥራ አምስት ሶል ታስከፍላለች፤ ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፤ ግን ደግ ሴት ናት። ጉልበቷን አሟትና ልጇ ወዳለችበት አገር ሄደች። ከእሷ ሌላ ያለችው ሠላሳ አምስት ትጠይቃለች፤ የፎርቱናታ የቀን ክፍያ ከሃምሳ ብዙም አይዘልም። ሚሉስካ ልጅቷን አዝላ ክፍል መግባት ጀመረች። ንግግር የሚሰጥባቸው ክፍሎች ታገሷት፤ ላቦራቶሪው ግን አሲድ አለበትና መምህሩ በር ላይ አቁሞ መለሳት፤ ሁለት ጊዜ። የመድኃኒት ቅመማ አራተኛ ዓመት ናት። በዚያ ትምህርት ሦስት ጊዜ የቀረ ተማሪ ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይጠብቃል። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ የላቦራቶሪ ፈተና አለባት። ሕፃኗ ዛሬ ከተመዘገበች ያኔውኑ ቦታውን እንድትለምድ ሁለት ሰዓት ያህል እዚያ ትቆያለች ተብሏል። ካልተመዘገበች ሦስተኛው መቅረት ዛሬ ነው ማለት ነው። ሚሉስካ ይህን እያሰበች ለሳምንት እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ልጅቷን በማዘያ ጨርቅ ደረቷ ላይ አስራ፣ ነጭ ጋዋኗን በፌስታል ጠቅልላ ወረደች። ሚኒባሱ ሞልቶ ነው የመጣው። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሰፈር ስም ይጠራል። ሚሉስካ የተማሪ ካርዷን አውጥታ ግማሽ ሂሳብ ሰጠችው። ረዳቱ ካርዱን አየ፤ ሕፃኗን አየ፤ ቀልድ መጣለት።

«እናት ነኝ ካልሽ ወንበር እናስለቅቅልሻለን። ተማሪ ነኝ ካልሽ በግማሽ ቆመሽ ሂጂ። ሁለቱንም በአንድ ትኬት አይሆንም፣ የኔ እመቤት!»

መኪናው ሁሉ ሳቀ። ከሾፌሩ ጀርባ የተቀመጡ የገበያ ቅርጫት የያዙ አሮጊት «አንተን የወለደችህም ቆማ ይሆናል የሄደችው፤ ለዚህ ነው ጭንቅላትህ የተንቀጠቀጠው!» አሉትና ቅርጫታቸውን ጭናቸው ላይ አንስተው ሚሉስካን አጠገባቸው ጎተቷት። ሳቁ ወደ ረዳቱ ዞረ። አሮጊቷ የኢያሪን ጉንጭ ቆነጠሩ። «የመጀመሪያሽ ናት?» ሚሉስካ ለውሸቱ ልምምድ ይሆነኛል ብላ አሰበች፤ ምናልባትም የመጨረሻው ልምምዷ። አሮጊቷን ቀጥ ብላ እያየች «እህቴ ናት» አለች። ኢያሪ በዚያው ቅጽበት ራሷን ዘንበል አድርጋ የሚሉስካን ሹራብ በአፏ ትፈልግ ጀመር። አሮጊቷ ሁለቱንም ተመለከቱና «እንግዲያው እህትሽ ርቧታል» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሚሉስካ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። እስክትወርድ ድረስ ከሹራቧ ሥር አጠባቻት።

የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ዶን አቤሊኖ ነበር ተረኛው። ዘበኛ ነው፤ ተማሪውን ሁሉ «ዶክተር» ይላል፤ አንደኛ ዓመቱንም፣ ሊመረቅ የቀረበውንም። ሚስቱ ቺሌ ሰው ቤት ልትሠራ ከሄደች ዓመት ሊሞላ ነው። የሁለት ዓመት ልጁ ሩቢ ከጥበቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ሥር፣ በካርቶን ላይ ተቀምጣ ትውላለች፤ የጽዳትና የጥበቃ ተቆጣጣሪው ዶን ራሚሮ ሲያልፍ አቤሊኖ በእግሩ መታ መታ ያደርጋታል፤ ዝም ትላለች። ልጅ ይዞ ሥራ መግባት ክልክል መሆኑን ዶን ራሚሮ በትልቅ ፊደል አስጽፎ በየሕንፃው ለጥፏል። ሦስት ማስጠንቀቂያ ያገኘ ሠራተኛ ይሰናበታል። ፎርቱናታ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ማስጠንቀቂያ የላትም፤ ቋሚ የሆነችውም ገና ካቻምና ነው።

«ዶክተር ሚሉስካ! ቀኑ ዛሬ ነው አሉ።»

«ዛሬ ነው፣ ዶን አቤሊኖ።»

«ስማችሁን ሰሌዳው ላይ አየሁት። አሥራ ሁለተኛ።» የመግቢያውን ብረት በጉልበቱ ገፋ አደረገላት። «እኛ አሥራ ሦስተኛ ነን።»

ሚሉስካ ብረቱን ይዛ ቆመች። ስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆና በዚህ በር ስትገባ ሆዷ በሚሽከረከረው ብረት አላልፍ ብሎ፣ የመኪና መግቢያውን በር ሁልጊዜ የሚከፍትላት ይኸው ሰውዬ ነበር። ኢያሪ ስትወለድም የሙዝ ቂጣ ገዝቶ በፎርቱናታ እጅ ልኮላታል። ኢያሪ የማን ልጅ እንደሆነች ከዚህ ግቢ ውስጥ እሱን ያህል የሚያውቅ የለም፤ አንድ ቃል ለዶን ራሚሮ ቢተነፍስ ነገሩ ያበቃል። ሚሉስካ የሚለውን ጠበቀች። ከጠረጴዛው ሥር ሩቢ ብስኩት የያዘ እጇን አወጣችና ለኢያሪ ዘረጋችላት። አቤሊኖ «ስትወጪ በዚህኛው በር ውጪ፤ የወዲያኛው ዛሬ ተበላሽቷል» አለና ሌላ ተማሪ ሊፈትሽ ዞረ። ብትችል ተመልሳ ይቅር በለኝ ባለችው ነበር፤ ግን ይቅርታ ከጠየቀች ቦታው መሄዱ ነው፤ ቦታውን ደግሞ ትፈልገዋለች። በጣም ትፈልገዋለች። እያፈረች ሄደች።

ማቆያው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው፤ ዱባ ገንፎና የጽዳት ኬሚካል ይሸታል። ኮሪደሩ ላይ የሚቀመጡበት ወንበር የልጆች በመሆኑ ጉልበት አገጭ ድረስ ይመጣል። ፎርቱናታ በሰዓቷ መጣች። ፀጉሯን በውኃ አስተኝታ፣ ጉትቻ አድርጋ፣ ከንፈሯን ቀለም ተቀብታ። ሚሉስካ እናቷን ከንፈር ተቀብታ አይታት አታውቅም። ወጣት ለመምሰል መሆኑ ሲገባት ያላየች መስላ የልጅቷን አፍንጫ ጠረገች። «ከማን ተዋስሽው?» ማለት ፈልጋ ነበር። ፎርቱናታ ግን ኢያሪን ተቀብላት፣ እንደ ራሷ ልጅ አስተካክላ ክንዷ ላይ አስቀመጠቻት፤ አቀማመጧ ምንም ልምምድ አላስፈለገውም። ይኸም ሚሉስካን ወጋት። እናቷ ይህን ውሸት ትንሽ ሳትወደው አትቀርም የሚል ክፉ ሐሳብ ከየት እንደሆነ እንጃ መጣባት።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ከሩብ። ከፊታቸው የገባው መምህርና ሚስቱ አልወጡ አሉ፤ የመምህሩ ሳቅ ከበሩ ወዲህ ይሰማል። ስድስት ተኩል። የግድግዳው ሰዓት በየደቂቃው ቀጭ ይላል። ኢያሪ መጀመሪያ በጉትቻው ተጫወተች፤ ቀጥሎ ማዛጋት ጀመረች፤ ቀጥሎ አጉረመረመች። ሚሉስካ ጡጦ ሰጠቻት፤ ተፋችው። ጡጦ አትወድም፤ ዶኛ ፒላር ቤት እንኳን በማንኪያ እንጂ ከጡጦ ጠጥታ አታውቅም። «ወደ ውጭ ይዣት ልውጣና ላጥባት» አለች በሹክሹክታ። ፎርቱናታ «አሁን ቢጠሩንስ?» አለች። ተቀመጡ። ሰባት ሰዓት ከአምስት ላይ ተጠሩ።

የማቆያው ኃላፊ ሴኞሪታ ኤርሊንዳ ስድሳ ዓመት የሚጠጋቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ስለ መዘግየቱ ይቅርታ ጠየቁ። ለፎርቱናታ ወንበር ሰጧት፤ ሚሉስካን «አንቺስ?» አሏት።

«እህቷ ነኝ።» መሬት መሬት አላየችም።

«ጥሩ። ከኋላ ተቀመጪ።»

ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ጉዱ ቀላል መሆኑ ላይ ነው። ስንት ሰዓት ትተኛለች? ምን አይስማማትም? ስትወለድ ስንት ኪሎ ነበረች? ፎርቱናታ ለመጨረሻው «ሦስት» አለች። ከኋላ የሚሉስካ አፍ ሳይጠየቅ ቀደመ፦ «ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ።» ሴኞሪታ ኤርሊንዳ ጻፉ። ትኩሳት ይዟት ያውቃል? ፎርቱናታ አመነታች፤ ሚሉስካ ቀኑን ተናገረች። ስንተኛው ክትባት ቀረ? ሚሉስካ ተናገረች። «ጎበዝ እህት አለቻት» አሉ ሴኞሪታዋ፣ ብዕራቸውን ሳያነሱ። ኢያሪ በፎርቱናታ ክንድ ላይ ወደ ኋላ ተጠማዝዛ ሁለት እጇን ወደ ሚሉስካ ዘረጋች፤ የሚወስዳት ስታጣ ለቅሶዋን ለቀቀችው። እንባ ያለበት፣ ትንፋሽ የሚያቋርጥ የርሃብ ለቅሶ። ሚሉስካ ደረቷ ሲሞቃት ተሰማት፤ ወተቱ መጥቷል። ክንዶቿን አጣምራ ጫነችው፤ አልቆመም፤ ሹራቧ ሥር ሸሚዟ ራሰ።

ሴኞሪታ ኤርሊንዳ ፎርሙን ገለጥ አድርገው አዩ። «ጡት ትጠባለች ይላል።» ይህን የሞላችው ሚሉስካ ራሷ ናት፤ ያኔ ውሸቱ እስከዚህ ድረስ ይመጣል ብላ አላሰበችም። «እንግዲህ እዚሁ ያጥቧት፣ ዶኛ ፎርቱናታ። ሴቶች ብቻ ነን። እኔም ብሆን ልጅ ሲጠባ ማየት ነው ሥራዬ።»

ፎርቱናታ «ዛሬ እንኳን... ወተቱ ትንሽ...» አለችና አቆመች። ሴኞሪታዋ በትዕግሥት ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ፎርቱናታ ልጅቷን ወደ ግራ ክንዷ አዛወረች፤ ቀኝ እጇን ወደ ሰማያዊው ልብሷ አንገት አነሳች፤ የመጀመሪያውን ቁልፍ ፈታች። ጣቶቿ በኬሚካል የተሰነጣጠቁ ናቸው። ዓይኗን ጨፍናለች። ሁለተኛውን ቁልፍ ያዘች። ሚሉስካ ከኋላ ሆና የእናቷን ማጅራት ብቻ ነው የምታየው፤ ማጅራቷ ግን ቀልቷል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንገቷን ደፍታ ባጸዳችው ግቢ ውስጥ፣ በባዕድ ሰው ፊት፣ የደረቀ ጡቷን ልታወጣ ነው። ያ በኮሪደሩ የመጣባት ክፉ ሐሳብ ፊቷን በጥፊ መታት።

«እማ፣ ተይ» አለች። ተነሳች፤ ልጅቷን ተቀበለች፤ ቆማ ሹራቧን ወደ ላይ ሰበሰበች። ኢያሪ ጡቱን ጎርሳ በአፍንጫዋ ተነፈሰች። «እኔ ነኝ እናቷ።»

ሴኞሪታ ኤርሊንዳ መነጽራቸውን አወለቁ። አልጮኹም፤ እንዲያውም የደነገጡ አይመስሉም፤ የደከማቸው ነው የሚመስሉት። ፎርሙን፣ ስሞቹን፣ ሁለቱን ሴቶች ተራ በተራ አዩና የተረዱት ነገር ፊታቸው ላይ ታየ። «ተማሪ ነሽ?»

«የመድኃኒት ቅመማ። አራተኛ ዓመት።»

«በተማሪዎቹ ዝርዝር ስንተኛ ነሽ?»

«ሠላሳ አንደኛ።»

«ሠላሳ አንደኛ» አሉ ቀስ ብለው። ወንበር ወደ እሷ ገፉ። «ተቀመጪ። ጠብታ ትጨርስ፤ አልቸኩልም።»

ፎርቱናታ ቁልፎቿን እየቆለፈች ለመነች፤ ሚሉስካ እናቷ ስትለምን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ስህተቱ የቢሮው መሆኑን፣ የሳቀችው አፍራ መሆኑን፣ ልጇ አንድ ዓመት ብቻ እንደቀራት፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አለችው። ሴኞሪታ ኤርሊንዳ አላቋረጧትም። ስትጨርስ «ዶኛ ፎርቱናታ፣ የሠራተኛ የልጅ ልጅም ይግባ ብዬ ሦስት ጊዜ ለበላይ ጽፌያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ደብዳቤዎ ደርሶናል የሚል ደብዳቤ ደርሶኛል» አሉ። «በእርስዎ ላይ የምጽፈው ነገር የለም፤ የመዝገብ ስህተት ነበር ብዬ እመልሰዋለሁ። ቦታው ግን ለአሥራ ሦስተኛው ነው። ተጠባባቂነቱን አትሰርዢው» ወደ ሚሉስካ ዞረው፣ «ሰው ይተዋል፤ ሰው ቤት ይለቃል። ባለፈው ዓመት እስከ አሥራ ዘጠኝ ደርሰን ነበር።» እንደ ማጽናኛ ነው የተናገሩት። አሥራ ዘጠኝና ሠላሳ አንድ መሐል ያለውን ግን ሦስቱም መቁጠር ይችላሉ።

ሲወጡ ስምንት ሰዓት ሊሆን አሥራ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ኢያሪ ጠግባ፣ የሆነው ሁሉ የማይመለከታት መስላ በእናቷ ትከሻ ላይ ትስቃለች። በቤተ መጻሕፍቱ ጎን ባለው ቀጭን መንገድ እናትና ልጅ ተከታትለው ሄዱ። ካፊያው አልቆመም። የላቦራቶሪው ሕንፃ በር ላይ ሲደርሱ ሚሉስካ ቆመች፤ መግባት አትችልም፤ መሄድም አልሆነላትም። በቃ ይኸው ነው፤ አራት ዓመት በዚህ በር ላይ ሊያበቃ ነው።

«ቁልፉን ልትፈቺው ነበር አይደል? ሁሉንም?»

«ምን ላድርግ እንግዲህ» አለች ፎርቱናታ። የከንፈሯን ቀለም በእጇ ጀርባ ጠረገችው፤ አገጯ ድረስ ተለቀለቀ። «ያን ቀን ሳቅሁ። አይደለም ማለት ነበረብኝ፤ ሳቅሁና ቀረ። ስምሽን ወሰድኩብሽ፣ ልጄ።» ሚሉስካ እናቷን ማቀፍ ፈለገች፤ በእነሱ ቤት ግን እንዲህ ያለ ነገር በቀን ብርሃን አይደረግምና የኢያሪን ካልሲ ሳብ አድርጋ አስተካከለች።

«ስንት ሰዓት ነው ፈተናው?» አለች ፎርቱናታ።

«ስምንት። አሥር ደቂቃ ካለፈ በሩ ይዘጋል።»

«አምጫት።»

«ዶን ራሚሮ ቢያይሽስ? ሥራሽን...»

«አምጫት አልኩሽ! ጋዋንሽን ልበሺ።» ማዘያውን ከሚሉስካ ትከሻ ላይ ገፈፈችው፤ ጎንበስ ብላ ልጅቷን ጀርባዋ ላይ አስተኛቻት፤ ጨርቁን በደረቷ ላይ በሁለት ጎተታ ቋጠረችው። ከዚያ የባልዲዋን ጋሪ ካቆመችበት ልታመጣ ዞር ሳትል ሄደች።

ላቦራቶሪው ውስጥ አሥራ ስድስት ተማሪ ነበር። መምህሩ ስሟን ከዝርዝሩ ላይ ፈልጎ ምልክት አደረገና አምስተኛውን ጠረጴዛ አሳያት። ሥራው የምታውቀው ነው፤ ከረጅሙ የመስታወት ቱቦ አሲዱን ጠብታ በጠብታ እያወረዱ፣ ከሥር ያለው ፈሳሽ ቀለሙን እስኪለውጥ መጠበቅ፤ አንዲት ጠብታ ከበዛች መበላሸቱ ነው። ሸሚዟ ደረቷ ላይ ገና እርጥብ ነው፤ ጋዋኑ ሸፈነላት። እጇን ለማረጋጋት ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጠብታ። ከበሩ ውጭ የባልዲው ጋሪ ጎማ እየተንቋቋ መጣ። ይህ ፎቅ የፎርቱናታ አይደለም፤ የእሷ ሁለተኛው ነው። መወልወያው ወለሉ ላይ ሲሄድ ይሰማል፤ በመሐሉ ኢያሪ ለራሷ የምታወራው ወሬ አለ። ሁለት ተማሪዎች ቀና ብለው ተያዩ። ሚሉስካ ዓይኗን ከቱቦው አልነቀለችም። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት።

ከዚያ የወንድ ጫማ ኮቴ ሰማች፤ ከወዲያኛው የኮሪደር ጫፍ፣ የማይቸኩል፣ ቁልፍ የሚያንኳኳ። ማንም ያውቀዋል፤ ዶን ራሚሮ ነው። መወልወያው ቆመ። መምህሩም ጭምር ጆሮውን ወደ በሩ ጣለ። ሚሉስካ ጣቷ ቱቦው ላይ ደረቀ፤ አንዲት ጠብታ ጫፉ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

«ዶኛ ፎርቱናታ!» ድምፁ ኮሪደሩን ሞላው። «ይህቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?»

ፎርቱናታ የመለሰችው አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ግቢ ተሰምቶ በማያውቅ፣ ጥርት ባለ ድምፅ ነበር።

«የልጄ ልጅ ናት፣ ዶን ራሚሮ። እናቷ እዚህ ውስጥ ፈተና ላይ ናት፤ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ።»